ስለ ሐይቅ ጤንነት ምርመራ

የበሽተኛ ሕመም በፊቱ ብቻ እንደማይታወቅ፥ የሐይቅም ጤንነት በስፋቱ ብቻ አይታወቅም። ለዚህም ነገር ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፥ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ምስክር ይሆናል።

የሐረር ሕዝብ፥ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለውም ከግንቡ ውጭ ያለውም፥ ብዙ ዘመን በቧንቧ የጠጣው ውሃ ከዚህ ሐይቅ የተሳበ ነበር። የአወዳይና የሐረማያ ከተሞች፥ እንዲሁም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የእርሻ ኮሌጅ ከዚያው ይቀዱ ነበር፤ ገበሬውም ጫቱንና አትክልቱን በሞተር እየሳበ ያጠጣ ነበር። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ስፍራ የከብት ማሰማሪያ ሆነ፤ ሐረርም በውሃ ጥም ተጨነቀች፤ ኋላም ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ውሃ ማስመጣት ግድ ሆነባት።

ይህ ጥፋት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ዛፋቸው በተመነጠረ ጊዜ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ አወረደው፤ ደለሉም ከታች እየሞላ ጥልቀቱን አሳነሰው። ጥልቀት ያጣ ውሃ ቢሰፋም እንኳ ፀሐይ ፈጥና ትጨርሰዋለች፤ ከዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ግን ደኅና ሊመስለው ይችላል። ዝናብ ከሚሰጠውም ይልቅ ሞተር የሚወስደው በበለጠ ጊዜ ፍጻሜው ደረሰ።

ስለዚህ መምህራንና ያገር ሽማግሌዎች ከተማሪዎች ጋራ ሆነው እነዚህን አራት ነገሮች ሊመረምሩ ይገባል።

1ኛ፤ ጥልቀቱን። የሜትር ምልክት ያለበት እንጨት በተወሰነ ስፍራ ተተክሎ፥ ቁጥሩ በየወሩ በመዝገብ ይጻፍ። መስከረም ከመስከረም ጋራ እንጂ ከግንቦት ጋራ አይነጻጸርም።

2ኛ፤ ደለሉን። ወደ ሐይቁ የሚገባው ጎርፍ በብርጭቆ ተቀድቶ እስከ ማግስቱ ይቀመጥ፤ ከታች የረጋው አፈር ከኮረብታው የተወሰደ ነው።

3ኛ፤ ኮረብታውን። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ለጋ ችግኝ ይበቅል እንደ ሆነ ይታይ። በባሕር ዳር በጨው ውሃ የሚበቅለውን፥ ማንግሮቭ የተባለውን ዱር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ከሚመለከቱት ምልክት አንዱ ይኸው ነው፤ ችግኝ የሌለው ዱር ቢለመልምም ወራሽ የለውምና።

4ኛ፤ የሚቀዳውን። በዙሪያው ስንት ሞተርና ስንት ጉድጓድ እንዳለ በየዓመቱ ይቆጠር።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሶ ታይቷል። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ሲመለስ ሞተሩም አብሮ ሊመለስ ይችላል። መመለሱ ብቻ መዳኑን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ዓመት ባመት የተጻፈው መዝገብ ነው።

ጥያቄ፤ ሰፊ ሐይቅ ጤና ላይኖረው የሚችለው ስለ ምንድር ነው? በመንደራችሁ ያለው ምንጭ ወይም ኩሬ በአባቶቻችሁ ዘመን ጥልቀቱ እስከ ምን ያህል ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።