በቅሎ ከመግዛትዎ በፊት ስለ እናቷ ይጠይቁ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ተረቱ የሚጠቀሰው ዘሩን ለሚደብቅ ሰው ነው። የገበያን ጉዳይ ለሚከታተል ግን ሌላ ትምህርትም አለው። ሻጭ የሚያስከብረውን ይናገራል፤ የማያስከብረውን ያልፈዋል። በደባርቅና በዛሪማ መካከል ባለው የጋማ ከብት ንግድ ገዥን ለኪሳራ የሚዳርገውም ይኸው ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በቅሎ በስንት እንደምትገዛ ሳይሆን ከማን እንደምትገዛ ነው።

የደጋ ምርት፣ የቆላ ገበያ

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚያልፈው መንገድ ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወርዶ ዛሪማ ይደርሳል። የመኪናውን መንገድ የሠራው ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ዳገቱ ግን ከዚያ በፊትም የሲራራ ነጋዴ መውጫ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ሊማሊሞ ወጥቶ ነው። ዛሬ በዋናው መንገድ ላይ ዕቃውን የሚያመላልሰው መኪና ነው። ከመንገዱ ዳር እስከ ገበሬው ጎተራ ያለውን ገደልና ሸለቆ የሚሻገረው ግን አሁንም የበቅሎና የአህያ ጀርባ ነው።

ደባርቅ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዛሪማ ከዚያ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቆላ ውስጥ ናት። ይህ የከፍታ ልዩነት የአየር ጠባይ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የገበያውንም ቅርፅ የሚወስነው እርሱ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ ገዳይ በሽታ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚሻገረው በደቃቅ ተናካሽ ዝንቦች አማካይነት ነው። ዝንቦቹ የሚራቡት ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሲሆን፣ በብዛት የሚናከሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በሽታው በሳንባ በኩል ሲበረታ ከተያዙት ፈረሶች አብዛኞቹን ይጨርሳል። በቅሎ ከፈረስ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ እርሷም ቢሆን ከተያዘች ከሞት የምትተርፈው በግማሽ ዕድል ነው። አህያ ግን ብዙም አይጎዳም።

ከዚህም የተነሳ ባዝራ የምትረባው ደጋ ላይ ነው። በቅሎ የምትወለደው ከባዝራና ከወንድ አህያ በመሆኑ፣ የበቅሎ «ፋብሪካው» ደጋ ነው ማለት ይቻላል። ጠንካራ የጭነት ከብት አጥብቆ ከሚፈልጉት መካከል ደግሞ የቆላው ገበሬና ነጋዴ ይገኙበታል። አርቢው ከላይ፣ ገዥው ከታች ይኖራሉ። መሀል ላይ ደላላና አትራፊ አለ። ከሽያጩ በኋላ ሻጭና ገዥ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጥሩውን ከገበያ የሚያስወጣ ገበያ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዥው አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ገበያ ምን ይሆናል? የሚል ነበር ጥያቄው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የመኪናውን ታሪክ ወደ በቅሎ ብናመጣው ምንም አይጎድለውም።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ገበያ ግማሾቹ በቅሎዎች ጤነኛና በደንብ ያደጉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ያለ ዕድሜያቸው ተጭነው ወገባቸው የተጎዳ ናቸው እንበል። ጤነኛዋ ለገዥው 60 ሺህ ብር፣ የተጎዳችው 20 ሺህ ብር ታወጣለች። ገዥው መለየት ካልቻለ በአማካይ አስቦ ከ40 ሺህ ብር በላይ አይከፍልም። ጤነኛዋን ለማሳደግ 50 ሺህ ብር ያወጣው አርቢ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ ይከስራል፤ ስለዚህ ከብቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያው ላይ የሚቀሩት የተጎዱት ብቻ ይሆናሉ። ገዥውም ይህን ሲረዳ ከ20 ሺህ ብር በላይ አይሰጥም። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው፤ አካሄዱ ግን የእውነት ነው። የሚታለለው ገዥ ብቻ አይደለም። በሐቅ የሚያረባው ሰው ከሥራው ይወጣል።

ባዝራዋ ካፒታል ናት

በቅሎ አትወልድም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ይዛ ትቀራለች፤ በዚህ የተነሳ መካን ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ እያንዳንዷ በቅሎ የምትመጣው ከባዝራ ነው። ባዝራዋ በቅሎ በወለደች ቁጥርም በዚያ ጊዜ ልትወልደው የምትችለው ፈረስ ቀረ ማለት ነው። በኢኮኖሚክስ አነጋገር የበቅሎዋ እውነተኛ ዋጋ ያልተወለደውን ፈረስ ይጨምራል።

ስሌቱን እንመልከት። አንዲት ባዝራ 11 ወር ያህል ታረግዛለች። በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብትወልድና ለ10 ዓመት ብታገለግል 5 ውርንጭላዎች ትሰጣለች። አምስቱም በቅሎ ከሆኑ ባዝራዋ ስታረጅ የሚተካት የለም። እርሷን የምትተካ አንዲት ሴት ፈረስ እንድትገኝ፣ ከሚወለዱት ግማሾቹ ወንድ እንደሚሆኑና አንዳንዶቹም እንደሚሞቱ ካሰብን፣ ከአምስቱ ሁለት ወይም ሦስቱ ፈረስ መሆን አለባቸው። ለበቅሎ የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት ነው። አምስቱንም በቅሎ ያደረገ አርቢ ለጊዜው ርካሽ ይሸጣል። ነገር ግን እየሸጠ ያለው ትርፉን ሳይሆን ካፒታሉን ነው።

በሀገር አቀፍ ደረጃም ነገሩ ይኸው ነው። የስታቲስቲክስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ኢትዮጵያ ውስጥ አህያ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ፈረስ 2 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ በቅሎ ግን ግማሽ ሚሊዮን አይሞላም። የወንድ አህያ እጥረት የለም። ውድ የሆነው የባዝራዋ ማህፀን ነው።

ጊዜውም ረጅም ነው። ባዝራዋን ዛሬ ያስጠቃ አርቢ ለሥራ የደረሰች በቅሎ የሚያገኘው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር የደባርቅና የአካባቢው በቅሎ ይከራያል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከተለ። በነሐሴ 2013 እና በመስከረም 2014 ውጊያው ከዛሪማ እስከ ዳባት በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት ማርባት ያቆመ ሰው የተወው ክፍተት ገበያ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። እጥረት ሲመጣ ደግሞ የሁለት ዓመት ውርንጭላ «ደርሳለች» እየተባለ ይሸጣል።

ጥሩ አርቢ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፣ እናቲቱን ያሳያል። ባዝራዋ ጎስቁላ፣ አጥንቷ ወጥቶ ከታየች ልጇም በማህፀንም በጡትም ተርባለች ማለት ነው። አርቢው ባዝራዋን ከአራት ዓመት በፊት ያላስጠቃ፣ ወልዳም ወዲያው ጭነት ላይ ያላዋላት ከሆነ ለሥራው የሚያስብ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ከበቅሎዎቹ ጎን የሚያድግ ፈረስ አለው። የሚተካ ባዝራ የሌለው አርቢ ሥራውን ለመተው የተዘጋጀ ነው። የነገ ስሙ ስለማያሳስበው ዛሬ ሊያታልል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ውርንጭላይቱን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ያጠባል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላትም ጭነት አያስነካትም። የጀርባ አጥንት እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ድረስ እየጠነከረ ይሄዳል። ቶሎ የተጫነች በቅሎ ለሻጩ የአንድ ዓመት ኪራይ ብታስገኝ ለገዥው የብዙ ዓመት ሥራ ታስቀርበታለች።

አራተኛ፣ ስለ ክትባት ሲጠየቅ ወር ጠርቶ ይመልሳል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታን ክትባት ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። «ደጋ ላይ በሽታ የለም» የሚል መልስ ወደ ቆላ ለሚወስድ ገዥ አይበቃም። እንዲያውም በሽታውን አይታ የማታውቅ የደጋ በቅሎ ቆላ ስትወርድ የበለጠ ትጋለጣለች።

አምስተኛ፣ የሚሸጥበትን ምክንያት ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ቤቱ መጥተው እንዲያዩም ይጋብዛል። በደላላ ብቻ የሚሸጥና ቤቱን የማያሳይ ሰው የሚፈራው ነገር አለው። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ በቅሎዋ ስትሠራ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ገበያው ላይ የሚታይ

አርቢውን ማግኘት ያልቻለ ገዥ በቅሎዋን ራሷን ይጠይቅ። አፏን ከፍቶ የፊት ጥርሶቿን ይመልከት። የወተት ጥርስ በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይቀየራል፤ በአምስት ዓመት አፉ ይሞላል። ከዚያም ኮርቻውንና መደላድሉን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳስስ። ገጣባ የዳነበት ነጭ ጠጉር የድሮ ቁስል ምስክር ነው። ኮርቻ አላወርድም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ገለባ ቢያቀርብላት ያላመጠችውን እየጠቀለለች የምትጥል ከሆነ ጥርሷ ታሟል። አራቱንም እግር አስነስቶ ሰኮናዋን ይይ። በመጨረሻም ባዶዋንም ተጭናም ቁልቁለት ያስኪዳት። የሊማሊሞ ከብት የምትፈተነው ሜዳ ላይ አይደለም።

ጭነቱም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ ጦር የጭነት እንስሳት መመሪያ በቅሎ በተራራ ላይ የክብደቷን 20 በመቶ እንድትሸከም ይመክራል። 250 ኪሎ ለምትመዝን በቅሎ ይህ 50 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ከጫንባት ከምክሩ እጥፍ ማለት ነው። ጥሩ አርቢ ፈልጎ ብዙ ብር ከፍሎ፣ ከዚያ በአንድ ክረምት ወገቧን የሚሰብር ገዥ ሻጩን የሚወቅስበት ምክንያት አይኖረውም።

ሕጉና ወቅቱ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዥም እንደተረከበ ወዲያው መመርመርና ጉድለት ካገኘ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እያወቀ ለገዛው ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ላለፈው ጉድለት ግን መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ዕድሜዋን፣ ክትባቷንና ጤንነቷን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ በሁለት ምስክር ማስፈረም ጠቃሚ ነው። ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። የሚተማመን ሻጭ ይፈርማል፤ የማይተማመን ሰበብ ያበዛል። በዚህ አኳኋን ገዥው ሳያውቀው የነበረውን ፊርማው ይነግረዋል።

ወቅት መምረጥም ገንዘብ ነው። በሽታው የሚበረታው በዝናቡ ማብቂያና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ከደጋ ገዝቶ ዛሪማ የሚያወርድ ሰው በመስከረምና በጥቅምት ባይቸኩል ይመከራል። በበጋው ገዝቶ፣ በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስከትቦ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢያላምዳት ይሻላል። ከምሽት ጀምሮ ጋጣ ውስጥ ማሳደርም ከዝንቡ ይከላከላል።

ለአንድ የዛሪማ ቤተሰብ በቅሎ ማለት እህል ወደ ገበያ፣ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርስባት ንብረት ናት። በአንድ ሌሊት ብትሞት ወይም በአንድ ዓመት ብትሰበር የሚጠፋው የዓመታት ቁጠባ ነው። በሐቅ ላረባ ሰው ጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ መክፈል ለእርሱ የሚሰጥ ችሮታ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ጤነኛ በቅሎ ገበያ ላይ እንድትገኝ የሚከፈል ዋጋ ነው። ርካሿን በቅሎ ሲያዩ ስለ ዋጋዋ ከመከራከርዎ በፊት «እናቷ የት አለች?» ብለው ይጠይቁ።