ጎርፉን ገትተን ለመስከረም እናቆየው

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዝናቡ አይታመንም። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ሆኖ ማሳውን ይጠርጋል። ነሐሴ ሲያልቅ አንዳንዴ ድንገት ይቀራል፤ ጤፉም ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። ታዲያ በአንድ ክረምት ጎርፍም ድርቅም የሚጎዳን ለምንድን ነው?

ዝናቡ ስላነሰ ብቻ አይደለም እኮ። ውኃው ስለማይቆይልን ነው። ተዳፋቱ ተራቁቷል። ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ ይሮጣል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንዲሉ፣ ለም አፈራችንን ይዞ ዓባይ ይገባል። በ1977 እና በ2008 ዓ.ም. ዝናብ ሲቀር አገራችን ምን ያህል እንደተጎዳች ሁላችንም እናውቃለን። ዝናብን ማዘዝ አንችልም። የዘነበውን መያዝ ግን እንችላለን።

አንደኛ፣ ውኃውን በማሳችን እንያዝ። እርከኑን አግድም እንሥራ፤ ስናርስም አግድም እንረስ። ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንቆፍር። መሬቱ የጠጣው ውኃ ዝናብ ከቀረ በኋላም ሰብሉን ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል።

ሁለተኛ፣ ኩሬ እንቆፍር። ነገር ግን በጥንቃቄ ይሁን። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል ብዙ የቤተሰብ ኩሬዎች ተቆፍረው ነበር። ብዙዎቹ አልጠቀሙም። የአንዳንዱ ውኃ ሰረገ፤ የአንዳንዱ ላስቲክ ተቀደደ፤ አንዳንዱም በደለል ሞላ። ስለዚህ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር እንምረጥ። ከኩሬው በፊት ደለል የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ይኑር። ልጅና ከብት እንዳይገባ ይታጠር። በቆላ የወባ ትንኝ እንዳይራባ ይከደን። የኩሬ ውኃ ማሳውን ሁሉ አያጠጣም፤ ጎመኑን፣ ሽንኩርቱንና ጌሾውን ግን ያድናል።

ሦስተኛ፣ የቆርቆሮ ቤት ያለን አሸንዳ እንግጠም። እስቲ እናስላ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር፣ ዝናቡም 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን 300 ሊትር ይገኛል። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ነው። ጥቂቱ ቢፈስ እንኳ እናቶችና ልጃገረዶች ከስንት ምልልስ ያርፋሉ!

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። የላይኛው ጎረቤት እርከን ካልሠራ የታችኛው ይፈርሳል። እኛ ፊደል ብናስቆጥርም፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ተመካክረን በደቦ እንሥራ።

ጥያቄ
1. በእናንተ ቀዬ ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል? መቀልበሻው የት ቢቆፈር ይሻላል?
2. ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንት ሊትር ውኃ ይገኛል?