ወፎችን ከልጆቻችን ጋር እንወቅ



የገበሬ ልጅ ከወፍ ጋር ያደገ ነው። እህል ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ይህ የግድ ነው። ወፍ ካልተጠበቀ ጎተራው ባዶ ይቀራል። ነገር ግን ወንጭፍ ወዳጅንና ጠላትን አይለይም። የሚለየው ሰው ነው። ልጅም የሚለየው ወላጁ ሲያሳየው ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ከልጆች ጋር ወፍ ለማየት ስለ መውጣት ነው።

ወዳጁ ማን ነው? ጠላቱስ?

ግሪሳ ጠላት ነው። በቆላ አገር በመንጋ ይመጣና የማሽላውን ማሳ ያራቁተዋል።

ጉጉትስ? ብዙ ሰው «ጉጉት ከጮኸች ሞት ታመጣለች» እያለ በድንጋይ ያባርራታል። እስቲ ልብ በሉ! ጉጉት ሌሊት የምትወጣው አይጥ ፍለጋ ነው። አይጥ ደግሞ የጎተራችን ሌባ ናት። ጉጉት አይጧን እንዳለች ትውጥና አጥንቱንና ጠጉሩን አድበልብላ ትተፋዋለች። ከምታድርበት ዛፍ ሥር ይህን ብታገኙ በእንጨት ፈልቅቃችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ። የአይጥ አጥንት በዓይናቸው ያያሉ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን አለ?

በቦሌ ሜዳዎች ደግሞ በመንጋ ሆኖ እርጥብ ሣር የሚቆፍር፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለ፣ ሲበር እየጮኸ የሚሄድ ትልቅ ጥቁር ወፍ አለ። እህል አይነካም። ምግቡ ትልና የነፍሳት እጭ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም።

የት እንሂድ?

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለው መሬት መልኩን ለውጧል። ቦሌ ለሚ የእርሻ አገር ነበር፤ ዛሬ ፋብሪካ ቆሞበታል። ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሆኗል። መሬቱ ሲለወጥ የወፉ ስም ከልጆች አፍ ይጠፋል። ቢሆንም ወፉ ፈጽሞ አልሄደም። በቡልቡላ ወንዝ ዳር፣ በቀረው ማሳ ድንበርና በቤተ ክርስቲያን ዛፎች ላይ ይገኛል። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ አቃቂና አባ ሳሙኤል ውሃ ዳር ብትደርሱ ደግሞ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችን ታያላችሁ። የአቃቂ ውሃ ግን የተበከለ ስለሆነ ልጆች እንዳይገቡበት ተጠንቀቁ።

በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቆሻሻ አትጣሉ። ቆሻሻ ወፍ ይጠራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን የርግብ መንጋ ሞተሩ ውስጥ ገብቶበት ወደቀ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ወፍን ማወቅ ወፍ የማይጠራበትንም ቦታ ማወቅ ነው።

እንዴት እንውጣ?

1ኛ. በማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ወፍ በብዛት የሚታየው ያኔ ነው።

2ኛ. ወንጭፉ ቤት ይቅር። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

3ኛ. ጎጆና እንቁላል አትንኩ።

4ኛ. ምንቃሩን ተመልከቱ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ይፈጫል። ቆልማማና ስለታም ከሆነ ሥጋ ይቦጭቃል። ረጅምና ቀጭን ከሆነ ጭቃ ውስጥ ይፈልጋል።

5ኛ. ጻፉ! ወላጅ የወፉን ስም ይናገር፤ ልጅ ይጻፈው። በሌላ ቀን ልጅ ይናገር፤ ወላጅ ይጻፈው። ቀኑንም ጨምሩ።

ቀን መጻፍ ምን ይጠቅማል? «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» ይባል የለም? የመስቀል ወፍ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ግን የትም አይሄዱም። ወንዱ በክረምት ደማቅ ላባ ይለብስና በበጋ ይጥለዋል። ያኔ ሴቷን ስለሚመስል ዓይናችን ይስተዋል። ዓመቱን ሙሉ የጻፈ ልጅ ይህን ራሱ ይደርስበታል።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፍ የማየት ጉዞ ሲያዘጋጅና በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባትን ሲረዳ ቆይቷል። እናንተ ግን ማንንም መጠበቅ የለባችሁም። ስሙን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደብተሩ ደግሞ ልጁ እጅ ላይ ነው።

ጥያቄዎች

1. ጉጉት ለገበሬ ምን ትጠቅማለች? በምን እናረጋግጣለን?
2. የወፍ ምንቃር ምን ይነግረናል?
3. በአካባቢያችሁ የሚገኙ የ5 ወፎችን ስም ከልጆቻችሁ ጋር ጻፉ። ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ለዩ።