ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ባንክ
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው በሬውን በርካሽ ይሸጣል፤ ካልሆነም የአራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል። በ1990ዎቹ መሬቱ ለባንክ መያዣ አይሆንም ነበርና ባንኮች አልቀረቡትም። መላው የመጣው ከእርዳታ ሰጪው፣ ከአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በድርጅቱ ውስጥ የብድር ሥራ ተጀመረ፤ መያዣው የቡድን አባላት እርስ በርስ ዋስትና ሆነ።

ዳሩ ግን እህል በነፃ ያደለ እጅ ብድር መልሱ ሲል ማን ይሰማዋል? አዋጅ ቁጥር 40/1988 መንገድ ከፈተ። ሥራው በ1997 አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በሚል አክሲዮን ማኅበር ተለይቶ ፈቃድ አገኘ። ትልቁ ውሳኔ ብድሩ ሳይሆን ይህ መለየት ነው።

ተቋሙ በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። ባንክነት ዓይንን ወደ ከተማ ትልልቅ ተበዳሪ ይስባል፤ የወገዳው አነስተኛ ተበዳሪ ድርሻ መታየት ያለበት በሒሳብ መግለጫው ላይ ነው።