በቆሎና አኩሪ አተር የሚያስወጡት ገንዘብ

በሰሜን አሜሪካ መካከል አዮዋ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ምድሩ ጥቍርና ለም ስለ ሆነ፥ ገበሬዎቹ ይልቁንም በቆሎና አኩሪ አተር እያፈራረቁ ይዘሩበታል። (በቆሎ ባንዳንድ አገራችን የባሕር ማሽላ የሚባለው ነው።) ይህን የሰማ ሰው የዚያ አገር ገበሬ ጎተራውን ሞልቶ ያለ ሐሳብ የሚኖር ይመስለዋል። ሂሳቡ ሲመረመር ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ወጪው ገና ሳይዘራ ይቈረጣል፤ ዋጋው ግን በኋላ ይመጣል።

ከወጪው ሁሉ የሚከብደው የመሬት ኪራይ ነው። በአዮዋ ከእርሻው መሬት ግማሽ ያህሉ በኪራይ ይታረሳል። ኤክር የሚባለው መስፈሪያቸው ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያንሳል። በ2012 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ያንድ ኤክር አማካይ ኪራይ 252 ዶላር ነበረ። በዚያ ዓመት ድርቅ ስለ ጸና፥ በነሐሴ ወር የአንድ ቡሼል በቆሎ፥ ይኸውም የ25 ኪሎ ያህል፥ ዋጋ ከ8 ዶላር በላይ ወጣ። በ2024 ዓ.ም. ኪራዩ 279 ዶላር ሲሆን፥ በነሐሴ ወር ዋጋው ከ4 ዶላር በታች ወረደ።

እንግዲህ ተማሪው ያካፍል። 252ን ለ8 ቢያካፍል፥ ገበሬው ለኪራይ ብቻ ካንዱ ኤክር 31 ቡሼል ተኩል ይሸጣል። 279ን ለ4 ቢያካፍል ግን 70 ቡሼል ያህል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ድርቁ አዝመራውን ላጠፋበት ሰው ግን የ8 ዶላር ዋጋ ምን ይጠቅመዋል? የገንዘብ ኪራይ ዝናም ዘነመ ቀረ አይልም። ስለዚህ በዚያም አገር በአገራችን የእኩል እርሻ እንደሚባለው ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋራ የሚካፈሉ አሉ። ባለ መሬቱ ከጥቅሙ እንደሚካፈል ከጕዳቱም ይካፈላልና፥ ይህ ለአራሹ የተሻለ ይመስለናል።

ከኪራይ ቀጥሎ ማዳበሪያ አለ። በቆሎ ናይትሮጅን የሚባለውን የአፈር ምግብ እጅግ ይወዳል። ለዚህ የሚሆነው አሞኒያ ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚሠራ፥ ጋዝ ሲወደድ እርሱም ይወደዳል፤ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ አንዱ ቶን ከ500 ዶላር በታች ሲሸጥ፥ በ2022 ዓ.ም. በዘር ወራት ከ1,400 ዶላር በላይ ሆነ። አኩሪ አተር ግን እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ነው። በሥሩ እባጭ ውስጥ የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ናይትሮጅንን ካየር ወስደው ይመግቡታል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የአሜሪካ ገበሬዎች ምን እንደሚዘሩ ሲጠየቁ፥ ለአኩሪ አተር ያሰቡት መሬት ለበቆሎ ካሰቡት በለጠ፤ ይህ እምብዛም የማይሆን ነገር ነው።

በቆሎው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሳለ ስለሚሰበሰብ፥ በጎተራ እንዳይሻግት በጋዝ እሳት ያደርቁታል፤ ያም ሌላ ወጪ ነው። አኩሪ አተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በማሳው ላይ ሳለ ይደርቃል። ሆኖም ካንድ ኤክር የሚገኘው አኩሪ አተር ከበቆሎው ሲሶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ የቡሼሉ ዋጋ ከበቆሎ ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ካልደረሰ ብዙዎች ወደ በቆሎው ይመለሳሉ።