የሕዝብ ሐሳብ ሕግ የሚሆነው እንዴት ነው?
(ከብራዚል የኢንተርኔት ሕግ የተወሰደ ትምህርት)

«ሕዝብ ይጠየቅ» የሚለው ቃል በዛሬው ዘመን በየአገሩ ሸንጎ ይሰማል። ቁም ነገሩ ግን ሕዝቡ ተጠይቆ የመለሰው ቃል የት ይደርሳል የሚለው ነው። ተሸካሚ ያጣ ሐሳብ በወንፊት እንደተቀዳ ውኃ ከቤት ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ የብራዚል ሕዝብ ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር የሰጠው ሐሳብ ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የነገሩ መነሻ

በ2008 የብራዚል የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በኮምፒዩተር ስለሚፈጸም ወንጀል የሚናገር ረቂቅ አጸደቀ። የረቂቁ ዋና አራማጅ የምክር ቤቱ አባል ኤድዋርዶ አዜሬዶ ነበሩ። ረቂቁ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ማን መቼ እንደ ገባ የሚያሳየውን መዝገብ 3 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ የወንጀሉም ትርጓሜ እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ ተራው ተጠቃሚ ሳያውቀው ወንጀለኛ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። ተቃዋሚዎቹም «የዲጂታሉ ቁጥር 5» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ይኸውም ወታደራዊው መንግሥት በ1968 ምክር ቤቱን የዘጋበትንና ለሳንሱር በር የከፈተበትን የቁጥር 5 ድንጋጌ ለማስታወስ ነው። በጁን 2009 ፕሬዚዳንት ሉላ በፖርቶ አሌግሬ ከተማ ተገኝተው ረቂቁ የሳንሱር መሣሪያ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ከወንጀል በፊት የዜጋው መብት ይጻፍ የሚለው ሐሳብ ኃይል ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

2ኛ፤ ጥያቄውና መልሱ

በኦክቶበር 2009 የፍትሕ ሚኒስቴር ከጄቱሊዮ ቫርጋስ ፋውንዴሽን የሕግ ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ጉዳዩን በኢንተርኔት ለሕዝብ አቀረበ። ምክክሩ ሁለት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያው ደረጃ ሕዝቡ በመሠረተ ሐሳቡ ላይ ተወያየ፤ በሁለተኛው፣ በ2010፣ የተጻፈው ረቂቅ በየአንቀጹ ተተቸ። በጠቅላላው ከ2,000 በላይ አስተያየቶች ተሰበሰቡ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊል የሚገባው ከቁጥሩ ይልቅ ውጤቱን ነው። በ2010ሩ ረቂቅ መሠረት አንድ ሰው «ይህ ጽሑፍ ይጎዳኛል» ብሎ ካስታወቀ፣ ጽሑፉን ያስተናገደው ኩባንያ ካላነሣው ተጠያቂ ይሆን ነበር። አስተያየት ሰጪዎቹ ግን፣ ኩባንያ ክስ ፈርቶ እውነቱንም ሐሰቱንም አብሮ ይሰርዛል ሲሉ ተቃወሙ። አዘጋጆቹም አንቀጹን ለውጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀድም አደረጉ። እንግዲህ ምክክር የሚባለው ይህ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ቃል የጠያቂውን ብዕር ሲያዞር።

3ኛ፤ የእንደራሴው ሥራ

ፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍ ረቂቁን በኦገስት 2011 ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ላኩት። በ2012 መርምሮ ሪፖርት እንዲያቀርብ የተመረጠው የሪዮ ዴ ጃኔሮው እንደራሴ አሌሳንድሮ ሞሎን ነበር። ሞሎን በዚያን ጊዜ የሠራተኞች ፓርቲ አባል ሲሆን፣ ሕግና ታሪክ የተማረ መምህር ነው። እርሱም ረቂቁን በምክር ቤቱ የኢንተርኔት መድረክ እንደገና ለሕዝብ አቀረበ፤ በልዩ ልዩ ከተሞችም ስብሰባ አደረገ።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በመረቡ ገለልተኝነት ላይ ነው። ገለልተኝነት ማለት፣ ፖስተኛ የሀብታሙንም የድኻውንም ደብዳቤ እኩል እንደሚያደርስ ሁሉ፣ ኢንተርኔት አቅራቢውም የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ሳያዳላ ያሳልፍ ማለት ነው። የስልክ ኩባንያዎች ይህን አልወደዱትም። በምክር ቤቱም የፒኤምዴቤ ፓርቲ መሪ ኤድዋርዶ ኩኛ በብርቱ ተከራከረ። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደጋግሞ ተላለፈ።

የቆመውን ነገር ያንቀሳቀሰው ከውጭ የመጣ ወሬ ነበር። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የዲልማን የግል ግንኙነትና ፔትሮብራስ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ እንደ ሰለለ ታወቀ። ፕሬዚዳንቷም ረቂቁ በአስቸኳይ እንዲታይ ጠየቁ። በማርች 25 ቀን 2014 የሕግ መምሪያው፣ በኤፕሪል 22 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አጸደቁት፤ በማግሥቱም ዲልማ በሳኦ ፓውሎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ፈረሙበት። ቁጥሩ 12,965 ነው።

4ኛ፤ የተከፈለው ዋጋ

ይሁን እንጂ ሕጉ ሕዝቡ እንዳለው ብቻ ሆኖ አልወጣም። ገለልተኝነቱ ጸና፤ ነገር ግን ኩባንያዎች የተጠቃሚውን መዝገብ 6 ወር እንዲያቆዩ የሚያስገድድ አንቀጽ ገባበት። ይህን የመብት ተሟጋቾች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። መዝገብ ማስቆየትን በመቃወም የተጀመረው ትግል መዝገብ በሚያስቆይ ሕግ መፈጸሙ የሚያሳዝን ነው። ሆኖም ሞሎን በምክር ቤቱ ውስጥ ሳይደራደር ቢቀር ኖሮ ረቂቁ መደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር።

ነገሩም በዚያ አላበቃም። ሕዝቡ ያስለወጠውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አንቀጽ፣ የብራዚል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁን 2025፣ ከ11 ዳኞች በ8ቱ ድምፅ፣ በከፊል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም አለው። ዳኞቹ አንቀጹ ለዜጎች መሠረታዊ መብት በቂ ጥበቃ አይሰጥም ብለዋል። በ2010 ኩባንያ እውነቱን እንዳይሰርዝ ተፈርቶ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ጎጂውን ዝም ብሎ እንዳያሳልፍ ተፈራ። ሁለቱም ፍርሃቶች ምክንያት አላቸው።

5ኛ፤ ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት፣ የሕዝብ ሐሳብ መሰብሰብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ድሩን የሚገምድ እጅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ወደ ፊት «ሐሳባችሁን ስጡ» ስንባል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሰጠነው ሐሳብ ሁሉም በሚያየው ስፍራ ይወጣልን? የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛውም ለምን እንደ ቀረ ይነገረናልን? ወደ ሸንጎ ይዞት የሚገባው፣ ሲደራደርበትም ምን እንደ ሸጠ ምን እንዳተረፈ የሚነግረን ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ምክክር፣ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው።