ሲጋራን መተው፦ የወንዱና የሴቷ ፈተና

ሲጋራ ጎጂ መሆኑን ያልሰማ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ለመተው የቆረጠ ወጣት ምን እንደሚደርስበት የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ወንዱና ሴቷ የሚገጥማቸው ፈተናም በሁሉም ረገድ አንድ አይደለም።

ሀ. የጋራው ፈተና

በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በጥቂት ሴኮንዶች አንጎል ደርሶ የደስታን ስሜት ያነሣሣል። ይህን የለመደ አንጎል ሲቋረጥበት ቁጣ፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የሐሳብ መበታተንና የምግብ ፍላጎት መጨመር ይከተላሉ። ምልክቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀንሳሉ። የአሥራዎቹ ዕድሜ አንጎል ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለ. ልዩነቱ

1. በአካል፦ የሴት ሰውነት ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን ምክንያት ኒኮቲንን ከወንዱ ይልቅ ፈጥኖ ያስወግዳል።

2. በስሜት፦ ሴቶች ልጆች ጭንቀትንና ሐዘንን ለመርሳት ማጨሳቸው፣ ሲተዉም ውፍረትን መፍራታቸው በጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል።

3. በኑሮ፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8 ከመቶ ነበሩ። የሴቷ ማጨስ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ተደብቃ ታጨሳለች፤ ስትተውም ተደብቃ ነው። ቁጣዋ እንደ ብልግና ይታይባታል እንጂ የሚያጽናናት አታገኝም። ወንዱ በአንጻሩ በግልጽ ያጨሳል፤ የሚከብደው ከጓደኞቹ መለየት ነው። በመንደሩ ሱቅ ደጃፍ ወይም በጫት መቃሚያ አንድ ፍሬ ሲዘረጉለት እንቢ ማለት እንደ ድክመት ይቆጠርበታል፤ ጭንቀቱንም መናገር ያፍራል።

ሐ. ምን እናድርግ?

ከተግሣጽ በፊት እናዳምጥ። ሴቷን ምን እንዳስጨነቃት በእርጋታ እንጠይቃት፤ ክብደቷ በመጠኑ ቢጨምር እንኳ ማጨስ ከሚያመጣው ጉዳት ጋር እንደማይወዳደር እናስረዳት። ወንዱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያጨሱት ርቆ በስፖርት ወይም በሥራ እንዲጠመድ እናግዘው። የማጨስ አምሮት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያልፍ ለሁለቱም እንንገራቸው፤ ውኃ መጠጣትና ጥቂት መራመድ ይረዳል። አንድ ቀን ቢሸነፉም የጀመሩት ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም።

ለውይይት

ልጃችን «አጨስ ነበር፤ አሁን ግን መተው እፈልጋለሁ» ብትለን የመጀመሪያ ቃላችን ምን ይሆናል? ወንድሟ ይህንኑ ቢለንስ?